ቶንሲል ውስጥ ሴሎች እንዴት ይያያዛሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቶንሲል የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ «ይውጣ ወይስ ይቆይ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ግን ከዚያ በፊት እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ነጭ የደም ሴል ቶንሲል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በአንድ ችሎታ ላይ የቆመ ነው። የት መያዝ እንዳለበት፣ መቼስ መልቀቅ እንዳለበት ማወቁ ላይ።

ቶንሲል ምንድን ነው?

መስታወት ፊት ቆማችሁ አፋችሁን ብትከፍቱ፣ ከእንጥል ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታዎች ታያላችሁ። ቶንሲል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እነሱን ነው። ግን ብቻቸውን አይደሉም። ከአፍንጫ ጀርባ አዴኖይድ የሚባለው አለ። ከምላስ ሥር ሌላ አለ። ከጆሮ የሚመጣው ቱቦ በሚከፈትበት ቦታም ትናንሾች አሉ። አንድ ላይ ሆነው አየርና ምግብ የሚገባበትን በር እንደ ቀለበት ይከቡታል። ይህን ቀለበት በ1884 የገለጸው ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ቫልዳየር ነው። እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። «ክሮሞዞም» የሚለውን ቃል ያወጣውም እሱ ነው።

ቶንሲል አንገታችን ላይ ላሉት የሊምፍ ዕጢዎች ዘመድ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። የአንገት ዕጢ የሚያጣራው ፈሳሽ በቱቦ ይመጣለታል። ቶንሲል ወደ ውስጥ የሚያስገባ የሊምፍ ቱቦ የለውም፤ ያለው የሚያስወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀርሙን የሚያገኘው በቀጥታ ከጉሮሮ ነው። ሴሎቹን ደግሞ የሚያገኘው ከደም ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አጣባቂ ሞለኪውሎች የሚባሉትስ?

በሴል ገጽ ላይ የቆሙ ፕሮቲኖች ናቸው። ሌላ ሴል ወይም በዙሪያው ያለውን ነገር ይይዛሉ። ብዙ ዓይነት ናቸው፤ እኛ ግን አራት ቤተሰብ ብናውቅ ይበቃናል።

ሴሌክቲኖች ለአፍታ ነካ አድርገው ይለቃሉ። የሚይዙትም በሌላው ሴል ላይ ያለን ስኳር ነው። ኢንቴግሪኖች ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ፤ ግን መጀመሪያ መነቃቃት አለባቸው። እነ አይካምና ቪካም በሌላው ሴል ላይ ሆነው ኢንቴግሪንን ይቀበላሉ። ካድሄሪኖች ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ የሽፋን ሴሎችን እርስ በርስ ይሰፏቸዋል። ካልሲየም ከሌለ አይሠሩም፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው።

«አጣባቂ» የሚለው ቃል ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ለዚህ ነው ብዙም የማልወደው። ሙጫ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። እነዚህ ግን ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። በዚያ ላይ ምን እንደያዙ ለሴሉ ውስጠኛ ክፍል ይነግራሉ። ከሙጫ ይልቅ እጅ ቢባሉ ይቀርባል። በ2022 ሪቻርድ ሃይንስ፣ ኤርኪ ሩዎስላህቲ እና ቲሞቲ ስፕሪንገር የላስከር ሽልማትን የተቀበሉት ኢንቴግሪኖችን ለዓለም ስላስተዋወቁ ነው።

ነጭ የደም ሴል ቶንሲል መድረሱን በምን ያውቃል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት በደም ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ይወሰዳል። ዓይን የለውም። ግን ቶንሲል ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ ጡንቻ ጋ ሲደርስ አይወርድም። ምሥጢሩ ያለው በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ነው።

ቀጭን የቶንሲል ቁራጭ አቅልማችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩ አንድ ነገር ዓይናችሁን ይስበዋል። ሌላ ቦታ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ተነጠፈ ወረቀት። እዚህ ግን አንዳንድ ደም መላሾች ሽፋናቸው ጉብ ጉብ ባሉ ወፈር ያሉ ሴሎች የተሠራ ነው። በሴሎቹ መሀል ጥቁር ሰማያዊ ነጥቦች ተሰንቅረው ታያላችሁ። እነዚያ ነጥቦች ግድግዳውን በማለፍ ላይ ሳሉ የተያዙ ሊምፎሳይቶች ናቸው። ግማሽ አካላቸው ደም ውስጥ፣ ግማሹ ቶንሲል ውስጥ። ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

አገባቡ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሊምፎሳይቱ ላይ ያለው ኤል-ሴሌክቲን በግድግዳው ላይ ያሉትን ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች ይነካል። እያንዳንዱ መያዣ ደካማ ነው፤ ወዲያው ይለቃል። ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ብዙ ሲሆኑ ሴሉን ያዘገዩታል። ሴሉ በግድግዳው ላይ መንከባለል ይጀምራል። እዚህ ጋ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ኤል-ሴሌክቲን በደንብ የሚይዘው ደሙ ሲፈስ ነው። ፍሰቱ በጣም ከቀነሰ የሚንከባለሉት ሴሎች ይላቀቃሉ።

ሴሉ እየተንከባለለ ሳለ ግድግዳው ላይ የተቀመጠ ኬሞካይን ያገኛል፤ ሲሲኤል21 ይባላል። ይህ መልእክት ነው። መልእክቱ ሲደርሰው ጎንበስ ብሎ የነበረው ኤልኤፍኤ-1 የተባለው ኢንቴግሪን ቀና ይላል። የመያዝ ኃይሉ እስከ 10,000 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 ይይዝና ሴሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ተለጥጦና ተሳስቦ ግድግዳውን አልፎ ይገባል።

ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ካልተገኙ ሴሉ አይወርድም፤ መንገዱን ይቀጥላል። የአንጀት ሊምፍ ስፍራዎች ላይ ደግሞ የተለየ አድራሻ አለ። እዚያ ማድካም-1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱን የሚያውቀውም አልፋ4ቤታ7 የተባለው ኢንቴግሪን ነው። ወደ አንጀትና ወደ ጉሮሮ የሚሄዱ ሴሎች የሚለያዩት በዚህ ነው።

ይህ የታወቀው እንዴት ነው? በ1976 ስታምፐርና ውድረፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀላል ግን ብልህ ሙከራ ሠሩ። የአይጥ ሊምፍ ዕጢ አቀዝቅዘው በስሱ ቆረጡ። በላዩ ላይ ሊምፎሳይቶች ጨመሩበት። ሴሎቹ በየቦታው አልተለጠፉም። ለይተው የያዙት እነዚያን ወፈር ያሉ ደም መላሾች ነው። አድራሻው ግድግዳው ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ከገባ በኋላ ምን ይሠራል?

ቶንሲል ውስጥ ሰፈር አለ። ሊምፎሳይቶች በዋናነት ሁለት ወገን ናቸው፤ ቢ ሴልና ቲ ሴል። ቢ ሴሎች ክብ ክብ ወደሆኑ ስፍራዎች ይሄዳሉ፤ ፎሊክል ይባላሉ። ቲ ሴሎች በመሀል በመሀል ባለው ቦታ ይቀራሉ። ከቶንሲል ሊምፎሳይቶች ብዙዎቹ ቢ ሴሎች ናቸው።

ጀርም ሲመጣ በፎሊክሉ መሀል ገርጣ ያለ ክብ ይፈጠራል። የመብቀያ ማዕከል እንበለው። እዚያ ቢ ሴሎች በፍጥነት ይባዛሉ። ሲባዙ የፀረ እንግዳ አካላቸውን ጂን ሆን ብለው ይለዋውጣሉ። ከለውጡ የተሻለ የሚይዝ ይወጣል፤ የባሰም ይወጣል። ታዲያ ማን ይለያቸዋል?

እዚህ ላይ ነው መያያዝ እንደገና የሚመጣው። በማዕከሉ ውስጥ ረጃጅም ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። የጀርሙን ቁራጭ በቅርንጫፎቻቸው ላይ አንጠልጥለው ያቆያሉ። አይካም-1 እና ቪካም-1 በብዛት አላቸው። ቢ ሴሉ በኤልኤፍኤ-1 እና ቪኤልኤ-4 በተባለ ሌላ ኢንቴግሪን ይይዛቸዋል። ከቶንሲል በተወሰዱ ሴሎች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ሁለቱም መንገዶች ለዚህ መያያዝ እንደሚያስፈልጉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሳይተዋል። ሌላም ነገር ተገኘ። መያያዙ ራሱ ቢ ሴሉን ከሞት ያቆየዋል። የመብቀያ ማዕከል ቢ ሴል ባለበት ቢተው የሚሞት ሴል ነው። የሚተርፈው የሚይዘው ያገኘ ነው።

ቀጥሎ ቢ ሴሉ ከረዳት ቲ ሴል ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ሲጣበቁ በመሀላቸው የሚፈጠረው ቅርጽ በ1998 በዝርዝር ታይቷል። መሀል ላይ ጀርሙን የሚያውቁት ተቀባዮች ይሰበሰባሉ። ዙሪያውን ኤልኤፍኤ-1 እንደ ቀለበት ይከባቸዋል። ቀለበቱ ሁለቱን አጥብቆ ይዞ ንግግሩ እስኪያልቅ ያቆያቸዋል። እነዚህ በፎሊክል ውስጥ የሚረዱ ቲ ሴሎች በ2000 ገደማ ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆነው ሲለዩ ዋናው መነሻ የሰው ቶንሲል ነበር።

ፈተናውን ያለፉት ቢ ሴሎች ወይ ትውስታ ይሆናሉ፣ ወይ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ ይሆናሉ። ከዚያ ይለቃሉ። መልቀቁም እንደ መያዙ ትእዛዝ አለው። በሚወጣው ሊምፍና በደም ውስጥ የሚበዛ አንድ የቅባት ዓይነት ሴሎቹን ወደ ውጭ ይጠራቸዋል።

የቶንሲል ገጽ ለምን ቀዳዳ ቀዳዳ ይመስላል?

ጉድጓዶች ስለሆኑ ነው። በአንድ ቶንሲል ላይ ከ10 እስከ 30 የሚደርሱ አሉ፤ እየተጠማዘዙ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ መንገድ ትንሽ የሆነ አካል ሰፊ ገጽ ያገኛል።

የውጪው ሽፋን ብዙ ድርብ ነው፤ ሴሎቹ በኢ-ካድሄሪን በደንብ የተሰፉ ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ግን ሽፋኑ ይሳሳል። እንደ ወንፊት ይሆናል። በሽፋኑ ሴሎች መሀል ሊምፎሳይቶች ገብተው ይቀመጣሉ። ከታች ያለው ወለልም በቦታ በቦታው የተቆራረጠ ነው። ሊምፎሳይቶቹ የጀርም ናሙና ይወስዱ ዘንድ በሩ ገርበብ ተደርጓል። ቶንሲል የሚያስገባ ቱቦ የለውም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ጉድጓዱ የቱቦውን ቦታ ተክቷል።

ዋጋ አለው ታዲያ። ገርበብ ያለ በር ለሌባም ይመቻል። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ የሚያመጣው የጉሮሮ ካንሰርም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከእነዚህ ጉድጓዶች ሽፋን ነው።

አንዳንዴ ከጉድጓዱ የሚወጣው ነጭ፣ ሽታ ያለው ፍርፋሪ የሞተ ሴል፣ የምግብ ትርፍራፊና ባክቴሪያ ተጠራቅሞ የደረቀ ነው። አስደሳች ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም።

ጀርሞች በእነዚህ ሞለኪውሎች ይጠቀማሉ?

አዎ። ጉንፋን ከሚያስይዙን ራይኖቫይረሶች 90 በመቶ ያህሉ ወደ ሴል የሚገቡት አይካም-1ን ይዘው ነው። ይህ በ1989 ነው የታወቀው። ሴሎቻችን እርዳታ ለመጥራት የሚያወጡት እጅ ለቫይረሱ የበር እጀታ ሆነ ማለት ነው።

የቶንሲል ሕመም ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋናው፣ የኤ ምድብ ስትሬፕቶኮከስ፣ የራሱ ዘዴ አለው። ሰውነታችን ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ሃያሉሮኒክ አሲድ ራሱን ይሸፍናል። ሲዲ44 የተባለው የሴሎቻችን አጣባቂ ሞለኪውል ያን ሽፋን ይይዘዋል። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ደግሞ ቢ ሴል ላይ ያለውን ሲዲ21 ይዞ ይገባል። ከገባ በኋላ በትውስታ ቢ ሴሎች ውስጥ ዕድሜ ልክ ተደብቆ ይኖራል።

ቶንሲል ሲታመም የሚያብጠውና ነጭ ነገር የሚይዘው ለምንድን ነው?

ቅድም ያየነው አገባብ በድንገት ሲሰፋ ነው። ጀርሙን ያገኙ ሴሎች የአደጋ መልእክት ይለቃሉ። የደም ሥሩ ግድግዳ አስቀድሞ ያከማቸውን ፒ-ሴሌክቲን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ያወጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አዲስ የተሠራ ኢ-ሴሌክቲን ይጨመርበታል። አይካም-1ም ይበዛል። አሁን የሚያልፈው ኒውትሮፊል (ጀርም የሚውጠው የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ሁሉ ይያዛል። የደም ሥሩ ሰፍቶ ስለሚያፈስ ቶንሲሉ ይቀላል፣ ያብጣል። በሺዎች ገብተው የሞቱት ኒውትሮፊሎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲጠራቀሙ መግል ሆነው ይታያሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ነጭ ነገር ታየ ማለት የግድ ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም። ቫይረስም እንዲህ ያደርጋል። አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሠራም። ስትሬፕቶኮከስ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ሳይታከም ከቀረ የልብ ቫልቭን ወደሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመራ ይችላል። ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ መተንፈስ ከከበደ ወይም አንዱ ጎን ብቻ በጣም ካበጠና አፍ አልከፈት ካለ አትጠብቁ፤ በፍጥነት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሴሎቹ መያያዝ የማይችሉ ሰው ቢወለድስ?

አለ፤ በጣም ጥቂት ነው እንጂ። ሲዲ18 የሚባለውን የኢንቴግሪን ክፍል የሚሠራው ጂን ሲበላሽ ኤልኤፍኤ-1 እና ዘመዶቹ ይጠፋሉ። የሕፃኑ ደም ሲመረመር ነጭ ሴሉ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ሰውነቱ ግን በኢንፌክሽን ይሠቃያል። ቁስሉ መግል አይይዝም። እትብቱ ሳይወድቅ ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል። ወታደሩ ሞልቷል፤ መውረድ ግን አልቻለም። ጽኑ ለሆነው ዓይነት ዋናው ፈውስ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። የመያዝን ዋጋ እንደዚህ ሕመም ያሳየኝ ነገር የለም።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ፣ ብሩተን የተባለ ሐኪም በ1952 የገለጸው በሽታ አለ። እነዚህ ልጆች ቢ ሴል የላቸውም ማለት ይቻላል። ሐኪሙ አፋቸውን ከፍቶ ሲያይ ቶንሲል የለም፤ ወይም ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ነው። ቶንሲልን የሚሞላው ቢ ሴል ስለሆነ። በተደጋጋሚ የሚታመም ወንድ ልጅ ቶንሲሉ የማይታይ ከሆነ፣ ያ ራሱ ፍንጭ ነው።

ልጄ ቶንሲሉ ትልቅ ነው። ልጨነቅ?

መጠኑ ብቻውን አያስጨንቅም። ልጅ በየቀኑ አዲስ ጀርም ይተዋወቃል፤ ቶንሲሉም በሥራ ላይ ነው። ከጉርምስና በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። መታየት ያለበት ሲያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ መሀል ትንፋሹ ቆም ሲል፣ ወይም መዋጥ ሲከብደው ነው።

ቶንሲል ቢወጣ የመከላከል አቅም ይደክማል?

ሙሉ በሙሉ አይደክምም። የቀለበቱ ሌሎች ክፍሎች፣ የአንገት ዕጢዎችና ጣፊያ (ስፕሊን) ሥራውን ይቀጥላሉ። ግን «ምንም አይደል፣ ትርፍ ነገር ነው» የሚለው አባባልም ትክክል አይመስለኝም። በ1971 የወጣ ጥናት ቶንሲልና አዴኖይዳቸው የወጣላቸው ልጆች ጉሮሮ ላይ ያለው የፖሊዮ ፀረ እንግዳ አካል መቀነሱን አሳይቷል። በ2018 ደግሞ በዴንማርክ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን የተከታተለ ጥናት፣ ቶንሲል ወይም አዴኖይድ ከወጣ በኋላ አንዳንድ የመተንፈሻ አካል ሕመሞች በዝተው መታየታቸውን ዘግቧል። ይህ ግን ተያያዥነት ነው እንጂ የግድ ምክንያቱ ቀዶ ሕክምናው ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚቆጥሩት ቁጥር አለ። በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለሁለት ተከታታይ ዓመታት በዓመት 5 ጊዜ፣ ወይም ለሦስት ዓመታት በዓመት 3 ጊዜ በደንብ የተመዘገበ የጉሮሮ ሕመም ካለ ማውጣቱ ይታሰባል። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ሌላው ትልቅ ምክንያት ነው። ምክንያቱ ሲሟላ ቀዶ ሕክምናው በእርግጥም ዕረፍት ይሰጣል። ሳይሟላ ግን ቸኩላችሁ አታስወጡ። የታመመበትን ቀን፣ ትኩሳቱን፣ የምርመራውን ውጤት ጻፉ። ሐኪሙን ከምንም በላይ የሚረዳው ያ ደብተር ነው።

መያያዙን የሚያግድ መድኃኒት አለ?

አለ፤ ለቶንሲል ግን አይደለም። ናታሊዙማብ የአልፋ4 ኢንቴግሪንን ያግዳል። መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ ሕመም በ2004 ተፈቀደ። ጄሲ የተባለ ቫይረስ አንጎልን ያጠቃባቸው ሕሙማን ስለተገኙ በ2005 ቆመ፤ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ። ኤልኤፍኤ-1ን የሚያግደው ኢፋሊዙማብ በዚያው ዓይነት የአንጎል ሕመም ምክንያት በ2009 ከገበያ ወጣ። ሴሎችን ከየቦታው ብታግዱ ጥበቃውም ከየቦታው ይነሳል። በ2014 የመጣው ቬዶሊዙማብ የተሻለ የሆነው የአንጀቱን አድራሻ ብቻ ስለሚያግድ ነው።

ተመራማሪዎች ቶንሲልን ለምን ይፈልጉታል?

በቀዶ ሕክምና ከሚወጡት የሊምፍ አካላት በቀላሉ የሚገኘው እሱ ስለሆነ ነው። በደም ናሙና ውስጥ የመብቀያ ማዕከል አይገኝም። በቶንሲል ውስጥ ግን ሙሉው አለ።

በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቀዶ ሕክምና የተገኘ ቶንሲል ወስደው ሴሎቹን አንድ በአንድ በታተኗቸው። ከዚያ በሳህን ላይ አሰፈሯቸውና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጨመሩባቸው። በቀናት ውስጥ ሴሎቹ እርስ በርስ ተፈላልገው ተሰባሰቡ። የመብቀያ ማዕከል የሚመስል ስፍራ ሠሩ። ለዚያ ክትባት የሚሆን ፀረ እንግዳ አካልም ማምረት ጀመሩ። ማንም ቦታ ቦታቸውን አላሳያቸውም።